የክረምቱ ብቸኛ ፈራሚ

ቡድኔ ደንበል ኮከብ በየሳምንቱ ይሸነፋል። እሱን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ሳይጫወት መሸነፉን ነው። አስር ዓመት ሊሞላው ነው ይሄ ነገር ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሳ አጥንት ከተሰካ፤ አልዋጥ አልተፋ ብሎኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ቡድኖች ከመግጠማቸው በፊት ገማቹ የሚሉት ማሽን ይጠየቃል። ገማቹ ከመቶ ዘጠና እጅ እርግጠኛ ከሆነ ጨዋታው አይደረግም፣ ውጤቱ ብቻ ይመዘገባል። የተጫዋች ጉልበት ይተርፋል፣ መብራት ይተርፋል፣ የሚሰበር እግር የለም ይላሉ። ኳስ የሚወጣው ገማቹ ሲጠራጠር ነው። ትልልቆቹ ቡድኖች እርስ በርስ ሲገናኙ አልፎ አልፎ ይጫወታሉ። እኛ ደካማ ነን። በድክመታችን ደግሞ የሚጠራጠር አልተገኘም።

እና ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባቱ ውስጥ ያለን የደንበል ኮከብ ደጋፊዎች ቢጫ ማሊያችንን ለብሰን ወደ ሜዳ እንሄዳለን። ሣሩ ታጭዷል። መስመሩ በነጭ ተሰምሯል። መረቡ ተወጥሯል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰሌዳው ላይ ይወጣል፤ ደንበል ኮከብ ዜሮ፣ እንግዳው ቡድን ሦስት። የሚያጨበጭብ ያጨበጭባል፣ የሚሳደብ ይሳደባል። ተጫዋቾቹ ጉልበታቸውና ሩጫቸው ለገማቹ ከሚለካበት ከልኬት አዳራሽ ወጥተው እጃቸውን ያውለበልቡልናል፣ ተመልሰው ይገባሉ። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት በሦስተኛው ግብ ስታለቅስ አይቻለሁ። የትኛው ነው ሦስተኛው ብዬ ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ነው የሰዉ ዋና ጨዋታ የሚጀምረው። ሙግቱ።

ድሮ ቡድኖች በክረምት ያርፉ ነበር። ተጫዋች የሚሸጠውም የሚገዛውም ያኔ ነበር፤ ደጋፊውም በየሻይ ቤቱ ማን መጣ ማን ሄደ እያለ ይከራከር ነበር። አሁን የቀረን እሱ ብቻ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ክረምት እንላለን። በሚያዝያ ሐሩር ላብ እያንጠፈጠፈን «የዘንድሮ ክረምት ዝውውር» እንላለን። ክርክሩ ሥርዓት አለው። ዘንግ የያዘ ይናገራል። ተነስቶ፣ ጫፉን መሬት መትቶ፣ «በላ ልበልህ» ይላል እንደ ጥንቱ ችሎት። ነገሩ ከጠነከረ ይወራረዳል። ዘንግ ይዘው የተወራረዱት ውርርድ አይመለስም፣ እዚያው ሕዝብ ፊት ይፈተናል። የተረታ ዘንጉን የረታው ሰው እግር ስር አስቀምጦ «ተረታሁ» ይላል። በዚህ ቀልድ የለም። ሰው ሜዳ ላይ የሚያየው ነገር ሲያጣ ሥርዓት ያጠብቃል መሰለኝ።

እኔ ሶልያና እባላለሁ። ገበያው ዳር ዓሳ እጠብሳለሁ። ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ አልጸጸትም። አምባር አላደርግም። ባቱ ውስጥ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ እጁ ላይ አምባር አለ፤ ልቡን፣ እርምጃውን፣ እንቅልፉን ይቆጥርለታል። እኔ መጀመሪያ የተውኩት ዓሳ ስፍቅ ቅርፊት እየገባበት ስለሚያሳክከኝ ነበር። ኋላ «ግድ ነው» ሲሉኝ ጭራሽ ተውኩት። ልቤ ስንቴ እንደሚመታ ለሰፈር የማወራው ነገር አይደለም።

የልጆቼ አባት ሚልኪያስ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው የሞተው። ሊሞት ሰሞን፣ ቅዳሜ ከሜዳ ስመለስ፣ «እንዴት ሆኑ?» አለኝ።

«ተሸነፉ» አልኩት።

«ተጫውተው ነው?»

ቢጫ ማሊያዬን አውልቄ አጠፍኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኳስ አልጠየቀኝም።

እንግዲህ የጳጉሜው ሙግት መጣ። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ ናሆም ይባላል፤ ወጣት ነው፣ የተማረ፣ ክፉ ቃል የማይወጣው። የመልሶ ግንባታው ሦስተኛ ምዕራፍ ነው ብሎ ሁለት ነገር አቀረበ። አንደኛ፣ አጥቂያችን ሮቤራ በሌሎች ተጫዋቾች ይለወጣል። ሁለተኛ፣ ሜዳው። አስር ዓመት እውነተኛ ጨዋታ ያልተደረገበት ሜዳ በሕጉ ሜዳ መሆኑ ይቀራል። የእኛ አስር ዓመት በጥቅምት መጨረሻ ይሞላል። ከዚያ በፊት በሜዳችን የቀረን አንድ ግጥሚያ ነው፤ እሱም ከሰባት ወንዝ ጋር። እሱም እንደሌላው በሰሌዳ ያልቃል። ስለዚህ ሣሩ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ይተከላል።

«ወንበራችሁ አይነካም» አለን። «ሙግታችሁ ይቀጥላል። እንዲያውም ጥላ ታገኛላችሁ።»

ሰዉ አጨበጨበ። ለጥላው ነው ያጨበጨበው። እኔ እጄን ጉያዬ ከተትኩ።

ማክቤል ዘንጉን ተቀበለ። ማክቤል ፀጉር ቆራጭ ነው፣ ጎረቤቴ ነው፣ ዓሳ በዱቤ ይበላል፣ በመልሶ ግንባታው ደግሞ እንደ ታቦት ይምላል። ጫፉን መሬት መታ።

«በላ ልበልህ!
ዛሬን ሸጠን ነገን ካልገዛን በጊዜ፣
ቀሪው ዘመናችን ትካዜ ላይ ትካዜ።

ሮቤራ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከእንግዲህ እግሩ ቁልቁለት ነው። በእሱ ምትክ የጂንካውን ልጅና የአሰላዎቹን መንትዮች እናገኛለን። ገማቹ ለሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ዋንጫ ይሰጠናል።»

ጋሽ ኢዮስያስ ተነሱ። የቡድኑ የመጀመሪያ ደጋፊ እሳቸው ናቸው፤ ከዘራቸው እንደ ዘንግ ስለምትቆጠርላቸው ተራ አይጠብቁም።

«የጂንካው ልጅ ዕድሜው ስንት ነው?»

«አራት ሊሞላው ነው፣ ጋሼ።»

«መንትዮቹስ?»

«በመጋቢት ይወለዳሉ።»

«ምን ቦታ ነው የሚጫወቱት?»

«አንደኛው ግራ ክንፍ ነው ተብሏል።»

«የእናቱ ግራ ነው የራሱ?» አሉ ጋሽ ኢዮስያስ። ሰዉ ሳቀ። ማክቤልም ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ላም አለኝ በሰማይ» አሉ፣ እኛም እንደ ሁልጊዜው «ወተቷንም አላይ» አልናቸው። ተቀመጡ። በየሳምንቱ እዚህ ተረት ላይ ሲደርሱ ይቀመጣሉ።

ሮቤራ ልኬት አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። የመጨረሻዋን እውነተኛ ግብ ያገባው እሱ ነው፤ ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር፣ እኔና ሚልኪያስ ነበርን፣ ዝናብ ነበር። አሁን ጢሙ ውስጥ ሽበት አለ። ልኬት አዳራሹ ውስጥ፣ በሚሽከረከር ጎማ ውስጥ እንዳለች አይጥ ባለበት እየሮጠ ነው አስር ዓመቱ ያለቀው።

«ዘንጉን አምጡልኝ» አልኩ።

«ሶልዬ ግጥም ልትገጥም ነው» አለ ማክቤል።

«ግጥም አልችልም። በላ ልበልህም አልልም። እኔ ዋንጫ ስጡኝ አላልኩም። መንትዮቹ ይወለዱ፣ እግዜር ያሳድጋቸው። እኔ ያልኩት በጥቅምቱ ግጥሚያ ኳስ ይውጣ ነው። ሜዳው ሜዳ ሆኖ ይቅር። መሸነፉን ልሸነፍ፤ ግን እያየሁ ልሸነፍ።»

«እሱማ ማን ይጠላል። እንዴት አድርገሽ? ገማቹ ዘጠና ሰባት እጅ እርግጠኛ ነው። ማንን ልታመጪ?»

«ሰው ይፈለጋ።»

«የምን ሰው?» አለና ዘንጉን ከእጄ ተቀበለኝ። ሙግት ሲሞቀው አፉ አይያዝም። «በዚህ አገር ያልተለካ እግር አለ? ማንንም አምጪ፣ ቁጥሩ ቁጥር ነው። አንቺ ራስሽ ጓንት አጥልቀሽ በረኛ ብትቆሚ እንኳን ያቺ ዘጠና ሰባት ፀጉር ታህል አትነቃነቅም።»

ሰዉ በሳቅ ተንፈራፈረ። እኔም ልስቅ ነበር፣ ግን ዘንጉን አየሁት። እጁ ላይ ነው።

«ተወራረድ» አልኩት።

«በቅሎ!» አለ ወዲያው። ሁልጊዜ በቅሎ ነው የሚባለው፤ በቅሎ የያዘ ሰው ግን ባቱ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

«በቅሎህን የት አስራታለሁ? ቁጥሩ ከተነቃነቀ እኔ በረኛ ሆኜ እፈርማለሁ፣ አንተም ከጎኔ ትቆማለህ። እስከ መጨረሻው።»

«ካልተነቃነቀስ?»

«ሮቤራም ይሂድ፣ ሜዳውም ይሂድ። እኔም እዚህ ሜዳ ላይ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።»

«ኧረ ይሄስ ከበቅሎ ይበልጣል» አለ አንዱ ከኋላ። «ይያዝ! ይያዝ!» አለ ሕዝቡ።

አቶ ናሆም ፈገግ ብሎ ገማቹን የሚጠይቅበትን መሣሪያ ከኪሱ አወጣ። ደንቡ የቡድኑ አባል የሆነ ሁሉ መሰለፍ ይችላል ይላል፤ ወንድ ሴት መለየት ከቀረ ቆይቷል። በረኛችንን አወጣ፣ ስሜን አስገባ። ቀና ብለን ሰሌዳውን አየን።

ሰሌዳው ዓይን እስኪርገበገብ እንኳን ቆይቶ አያውቅም። አሁን ቆየ። ጥቁር እንደሆነ ቆየ። ጋሽ ኢዮስያስ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ከዚያ በስሜ ፊት ለፊት «አይታወቅም» የሚል ወጣ። ቀጥሎ ቁጥሩ መጣ፤ ሰማንያ ስድስት።

 አንድ ሕፃን ብቻ የሆነ ነገር ጠየቀ፣ እናቱ አፉን ያዘችው።

«ተበላሽቷል» አለ ማክቤል።

«አልተበላሸም» አለ አቶ ናሆም። ፈገግታው ፊቱ ላይ ተረስቶ ቀርቷል። «አምባር የላቸውም። ስለ እትዬ ሶልያና የሚያውቀው ነገር የለም። በር ላይ የማይታወቅ ሰው ሲቆምበት ስንት እንደሚገባ አላወቀም።»

«ብዙ እንደሚገባማ ሁላችንም እናውቃለን።»

«እኛ አዎ።»

ማክቤል አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዘንጉን እግሬ ስር አስቀመጠ። «ተረታሁ» አለ። ሳይንተባተብ ነው ያለው፤ ይሄን እወድለታለሁ።

እንዲህ ሆነና የደንበል ኮከብ የክረምቱ ብቸኛ ፈራሚ እኔ ሆንኩ። የሮቤራ ዝውውር ከግጥሚያው በኋላ ይታያል ተባለ። በአገሩ ሁሉ ተሳቀብን። ዓሳ የሚበላ ደንበኛ ግን በዛ፤ እየበላ እጄን እጄን ያያል።

ሮቤራ አንድ ቀን ሱቄ መጣና በሩን ከውስጥ ዘጋው።

«እትዬ፣ ልምምድ እንዳትሞክሪ። ካሜራ ካየሽ ተለካሽ ማለት ነው። ዘጠና ከሞላ ጨዋታው ይቀራል።»

«ኳስ ሳልነካ ነው የምገባው?»

ዙሪያውን ቃኘ። ጥግ ላይ የፓፓያ ክምር ነበር። አንዱን አነሳና ወረወረልኝ። ያዝኩት። ሌላ ወረወረ፣ ደረቴን መታኝና መሬት ላይ ፈነዳ።

«ዓይንሽን አትጨፍኚ» አለኝ።

«አልጨፈንኩም።»

«ጨፍነሻል፣ እትዬ። ኳሷን እይ። ባትይዣትም እያት።»

በር ዘግተን ስንትና ስንት ፓፓያ እንደጨረስን አልናገርም። የተረፈውን ጨምቄ ሸጥኩት።

የጥቅምቱ ቅዳሜ ደረሰ። ሜዳው ሞላ። ከሰው ግማሹ ኳስ ሲመታ አይቶ አያውቅም። ጓንቴን አጥልቄ መተላለፊያው ላይ ቆሜ ሳለሁ አቶ ናሆም መጣ። በእጁ አዲስ አምባር ይዟል።

«ለጤናዎ ነው፣ እትዬ ሶልያና። ሃምሳ ሁለት ዓመትዎ ነው። ልብዎ ቢቆምስ?»

«ከቆመ ታውቁታላችሁ። እወድቃለሁ።»

«ለሰባት ደቂቃ ብቻ ያድርጉት። ከዚያ ያውልቁት።»

«ለሰባት ደቂቃ ካደረግኩት ጨዋታ ይኖራል?»

አምባሩን ወደ ራሱ መለስ አደረገው። ውሸታም አይደለም።

«ደንቡ ግድ ይላል?» አልኩት።

«አይልም። ያለ አምባር የሚኖር ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።»

«እንግዲያው ለመንትዮቹ አስቀምጥላቸው» ብዬው ወደ ሜዳው ወጣሁ።

ሰዉ ጮኸ። ደስ አለኝና እጄን አነሳሁ፣ ወደ ግቡ አመራሁ። ጥቂት እንደሄድኩ ጩኸቱ ወደ ማቃሰት ተለወጠ። ዞር ብዬ ሰሌዳውን አየሁ። ሰማንያ ስድስት የነበረው ሰማንያ ሰባት ሆኗል። አንድ እርምጃ ጨመርኩ፣ ሰማንያ ስምንት አለ። ገማቹ አረማመዴን እያየ ነው። ጉልበቴን፣ ወገቤን፣ ስንት እንደምከብድ፣ በየትኛው ጎን እንደማነክስ። ዳኛው ፊሽካ ሳይነፋ ዘጠና ከሞላ ሁላችንም ወደ ወንበራችን ነን።

ቆምኩ። ግቡ ገና ሩቅ ነው። ብሄድ ይለካኛል፣ ብቆም ሰዓቱ ያልፋል። የሰባት ወንዝ ልጆች መሐል ሜዳ ላይ ሆነው ይሳሳቃሉ። ሮቤራ ኳሷን እግሩ ስር ይዞ እኔን እኔን ያያል። እንዴት እንደሚታለፍ አላወቅኩም፤ አራተኛ ክፍል ላይ ይሄን አላስተማሩኝም።

ያኔ ነው ማክቤል አጥሩን ዘሎ የመጣው። በዚያ ሆዱ እንዴት እንደዘለለ አላውቅም። የጋሽ ኢዮስያስን ጋቢ ይዟል። ከአናቴ እስከ እግሬ ጠቀለለኝ፣ ጀርባውን ሰጠኝና በርከክ አለ።

«ታዘይ» አለኝ።

«አብደሃል?»

«ከጎኔ ትቆማለህ፣ እስከ መጨረሻው ብለሻል። ሕዝብ ሰምቷል። ታዘይ እባክሽ፣ ጉልበቴ ሳይከዳኝ።»

ታዘልኩ። ከሠርጌ ወዲህ ማንም አዝሎኝ አያውቅም። እያለከለከ፣ «ይሄ ሁሉ ዓሳ ነው እንዴ?» እያለ ወሰደኝ። «ያለፈውን ወር ዱቤ ሰርዤልሃለሁ፣ አትጣለኝ» አልኩት። ሰዉ በሙሉ ቆሟል። በጋቢው ቀዳዳ ሰሌዳው ይታየኛል። ሰማንያ ስምንት። ሰማንያ ስምንት። ገማቹ የሚያየው አንድ ወፍራም ፀጉር ቆራጭና አንድ ነጭ ጥቅል ነው።

ሁለቱ ቋሚዎች መሐል አወረደኝ። ጋቢውን ሳይገልጥ ከፊቴ ቆመ። «ልሂድ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ፊሽካው ይነፋ።»

ፊሽካው ተነፋ። ሮቤራ ኳሷን መታት። ጠንካራ ምት አልነበረም፣ ወደ ጎን ነው የሰጣት፤ ግን ድምፁ ደረሰን። ድብ የሚል ነገር። አስር ዓመት ያልሰማሁት። ሜዳው ከዚህ በኋላ ሌላ አስር ዓመት ሜዳ ነው፣ ሕጉ እንደዚያ ይላል። ጋሽ ኢዮስያስ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ አድርገው አየኋቸው።

ማክቤል ጋቢውን ገፎ ይዞት ሮጠ። የሰባት ወንዝ አጥቂ ቶሎ መጣ። ወጣት ነው፤ እሱም ገና የመጀመሪያ እውነተኛ ጨዋታው ሳይሆን አይቀርም፣ ከንፈሩ ደርቋል። መታት። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ኳሷ እየተሽከረከረች፣ ስፌቷ እየታየኝ፣ በቀኝ ትከሻዬ በኩል አልፋ መረቡን ስትነፋው አየኋት።

ሰዉ ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀም።  ከዚያ አንድ ሰው ጮኸ፣ ቀጥሎ ሁሉም ጮኸ፣ በእኛ ላይ መግባቷን ረስቶ። ኳሷን ከመረቡ ስር አወጣኋት። ትሞቃለች፣ ሣር ሣር ትሸታለች። ከአጥሩ ማዶ ማክቤል፣ «ስጪያቸው እንጂ፣ ሶልዬ፣ ዓሳ አይደለችም!» ይላል።

ለሮቤራ ወረወርኩለት። እሱ አንዴ ቋሚ መታ፣ ግብ ግን አልሆነም። አንዷን ኳስ በሆዴ አስቀረሁ፤ እስካሁን ይታየኛል ብልዙ። ማታ እቤቴ ስገባ ሚልኪያስ ይተኛበት የነበረውን ግድግዳ አየሁና፣ «ተጫውተው ነው» አልኩ።

ሰባት ገባብኝ። ሰባቱንም አይቻለሁ።